«እምቢ አለኝ»

መልእክቱ ይኸው ነው፤ አልቆረጥኩትም። ላኪው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ፣ እምቢ ያለው ደግሞ ቫሳል ላይ የሠራሁት የገበታ ሞጁል ነው። ምን ሲነካ እምቢ አለ? ጨርሶ አልከፈት አለ ወይስ ከፍቶ ቆመ? ዝም። እምቢ ያለችው አንዲት ልጅ ብትሆን ኖሮ ሦስት ገጽ ይጽፍልኝ ነበር።

ቫሳል የቦርድ ጨዋታዎችን በኢንተርኔት የሚያጫውት ነፃ ፕሮግራም ነው። «አድቫንስድ ስኳድ ሊደር» ለተባለ የጦርነት ጨዋታ ተብሎ ተጀምሮ ዛሬ የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል። ሞጁል የሚሉት ዚፕ ፋይል ነው፤ ሲፈቱት ሥዕሎቹና «ቢልድ ፋይል» የሚባለው ሰነድ ይወጣሉ። ሲበላሽ ደግሞ መፈለጊያው ሞልቷል። ኤረር ሎጉን ከፈት ስታደርጉት ጃቫ ኑዛዜውን ከነዘር ማንዘሩ ይዘረግፋል፤ ይህን የጠራው ያ ነው፣ ያንንም የጠራው እከሌ ነው ይላችኋል። «ሪፖርት አክሽን» ጠጠሩ ላይ ይታሰራል፤ ጠጠሩም የማንቀሳቀሻ ትእዛዝ በደረሰው ቁጥር ቻቱ ላይ «ከ3ኛ ወጣሁ፣ 4ኛ ገባሁ» እያለ ይለፈልፋል። 48ቱም ጠጠሮች አንድ ላይ ሲለፈልፉ የቀበሌ ስብሰባ ነው። ራሱን እየጠራ የሚዞር ትእዛዝ ቢገኝ እንኳ «ይሄ ማለቂያ ያለው አይመስልም» ብሎ የሚያስቆም ዘብ አለው።

የአክስቴን ልጅ ዲባግ ማድረጊያ ግን አልተሠራም።

መሬት ቆፍረን ስንጫወት እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ተመልካች ነበራ! ማንም ያልጠራው፣ ተራ የማይደርሰው፣ ግን ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚያልበው ተመልካች። «ቆይ! 5ኛው ላይ ሁለት ጣልክ!» ይላል። ጉድጓዱን ተናገረ፣ ቁጥሩን ተናገረ፣ ጥፋተኛውን ተናገረ፤ ከተናደደም የጥፋተኛውን አባት ይጨምራል። እሱን የሚቆጣጠር ሌላ ተመልካች ደግሞ ከኋላው አለ፤ «አንድ ነው የጣለው፣ ዓይንህን አሳክም» የሚል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ተጫዋቾቹ ጠጠር ይሰራረቃሉ፤ ይህንንም የሚያይ ሦስተኛ አይጠፋም።

ያ ሁሉ ዓይን የት ገባ? ባንክ ትሄዳላችሁ፤ «ሲስተም የለም»። መስመሩ ነው? መብራቱ ነው? ዛሬ ይመጣል? መልስ የለም። እናቴን የሚያህሉ ሴት ለጡረታቸው ሁለት ታክሲ ቀያይረው መጥተው በሁለት ቃል ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ይሄ አያስቅም። የተበላሸውን ነገር መናገር እኮ የሥራው ግማሽ ነው! የሚያበግነኝ ደግሞ ወረፋው ነው። አንድ ሰው ደፍሮ «የምን ሲስተም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ሳትቆጣ በፊት «አንተ ደግሞ፣ የለም ተባልክ አይደል!» የሚለው ከኋላው የቆመው ነው።

ለማንኛውም፣ ይህን ሁሉ የአክስቴ ልጅ ላይ መጫን ግፍ ነው። «ስክሪኑን አንስተህ ላክልኝ» አልኩት። በስልክ አነሳው። ጽሑፉ ላይ የመስኮት ብርሃን ወድቆበት አይነበብም፤ ጥግ ላይ ያለው የቡና ሲኒ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። መልስ ሳልጽፍለት «አሁን ሠራ» አለኝ።

«ምን ነካህ?»

«ምንም።»

መጀመሪያውኑ ላይበላሽም ይችላል። ገበታ ካገር አገር ሕጉ ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጡት ጽሑፍ ብዙ ዓይነቱን መዝግበዋል። በእኔ ሕግ ልክ የሆነው በእሱ ቤት ሕግ እምቢታ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለይ ሎግ ደግሞ የለም። አክስቴን ብጠይቃቸው ጭራሽ እኔ የሠራሁትን ባለ ሁለት ረድፍ ገበታ ብለው አይቆጥሩትም። ባለ ሦስቱ፣ 18 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር ካልሆነ አይጫወቱም። ሥዕሉን ጀምሬላቸዋለሁ። የመሃሉ ረድፍ ለሁለት ይከፈላል ብለውኛል፤ የማን ድርሻ በየት በኩል እንደሚሆን ግን ከጎረቤታቸው ጋር ገና እየተጨቃጨቁ ነው።