ሸራ ከሌለ አግዳሚው ይውረድ!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ቡናውን ፉት እያለ፣ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን መርከብ አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተሰብሯል እንዴ? እንጨቶቹ ወርደዋል እኮ» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ ዝም እላለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ደም ግፊትም አለብኝ። ዝምታው ራሱ ደሜን እያፈላው ስለመጣ ግን ይኸው ዛሬ ልተንፍሰው።

መርከቡ ቪክትሪ ነው። አድሚራል ኔልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ፈረንሳዮችን ድል ያደረገበት፣ እዚያው ላይም የሞተበት ባለ 104 መድፉ የጦር መርከብ። በ1765 ባሕር የገባው ዋናው መርከብ ዛሬም እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ፖርትስማውዝ ወደብ ቆሟል። የእኔው ከእሱ 72 ጊዜ ያነሰ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ሆዱን ያደንቃል፣ መድፎቹን ይቆጥራል፣ መስኮት በመስኮት የሆነውን ኋላውን እያየ «እጅዎ ይባረክ» ይለኛል። ኧረ ተዉኝ! ሆዱ ምን ችግር አለው? ጣውላ በጣውላ ላይ መለጠፍ ነው፤ ኮላ ያለው ሁሉ ይወጣዋል። ሰው የሚያልቀው ከዚያ በላይ ነው። ምሰሶዎቹ ላይ አግድም የሚሰቀሉት፣ ሸራው የሚንጠለጠልባቸው እንጨቶች፣ አግዳሚዎቹ፣ ናቸው የእኔ ጠላቶች።

ዋናው መርከብ ላይ ይወጠር የነበረው ገመድ ቢቀጣጠል 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል ይባላል። አበበ ቢቂላ ይህን ያህል መንገድ ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨረሰው። እኔ ለ72 ሳካፍለው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ ክር ደረሰኝ። እየዳህኩ ብሄደው እስካሁን ደርሼ፣ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣ ነበር።

ሥራው ምን እንደሚመስል በአንዷ ካሩኮላ ላሳያችሁ። ምስር ታክላለች። ቀዳዳ አላት ተብሏል፤ ሳጥኑ ላይ እንዲያ ይላል። የሠራት ፋብሪካ ግን ግማሽ መንገድ በስቶ ምሳ ሰዓት የደረሰበት ይመስላል፤ በቀጭን መሰርሰሪያ እንደገና መብሳት የእኔ ዕዳ ሆነ። ቀጥሎ ክሩን በሰም አሻለሁ፣ ጭገሩ እንዲተኛ። ያልታሸ ክር ጢም ያወጣ ገመድ ነው የሚሆነው፤ በዚያ መጠን ሁሉም ነገር ይታያል። ጫፉን በሱፐር ግሉ አጠነክርና በሰያፍ እቆርጠዋለሁ፣ መርፌ እንዲሆንልኝ። ትንፋሼን ውጬ ወደ ቀዳዳው አስጠጋለሁ። ልክ ሊገባ ሲል ስልክ ይጮኻል። ካሩኮላዋ ከወረንጦው ተስፈንጥራ ምንጣፍ ውስጥ ትሰወራለች። ደዋዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ምንም የማይፈልግ፣ «እንዲያው ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው» የሚል ዘመድ! ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ የምንጣፍ መጥረጊያውን ባነሳች ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ።

አዋቂ የሆነ ሰው አግዳሚውን ከመስቀሉ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚታሰረውን ሁሉ ያስርበታል። ካሩኮላዎቹን፣ መርገጫ ገመዱንም። መርገጫው ከአግዳሚው ሥር የሚንጠለጠል ገመድ ነው፤ መርከበኞች ሸራ ሊጠቀልሉ ሲወጡ በእግራቸው እሱን ረግጠው፣ በሆዳቸው አግዳሚው ላይ ተደፍተው ነበር የሚሠሩት፤ ከታች ባሕሩ እየተናወጠ። እውነተኛው ገመድ በራሱ ክብደት ይረግባል። የእኔ ክር ምን ክብደት አለው? ወደ ጎን ይገተራል፣ አንዳንዱም ወደ ሰማይ ይቆማል። ውሃ ባቀጠነው ነጭ ኮላ አርሼ፣ ክብደት አንጠልጥዬበት፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። «ለምን አይተዉትም፣ ማን ያየዋል?» አለኝ የእህቴ ልጅ። ይኸውላችሁ፣ የዘመኑ በሽታ! እሱም አንድ መርከብ ጀምሮ ነበር። መጽሐፍ ስሰጠው «ቪዲዮ አለ» አለኝ፤ ቪዲዮውንም እያፈጠነ ነው የሚያየው። ሎንግሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ ይህንኑ ቪክትሪን 48 ጊዜ አሳንሶ ከሠራ በኋላ አሠራሩን ገመድ በገመድ የሚያስረዳ ወፍራም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1955 አሳትሟል። እኔ የሰጠሁትን ቅጂ የእህቴ ልጅ የኮምፒዩተሩ ማስደገፊያ አድርጎታል።

አሁን ወደ ዋናው ቁርሾዬ ልምጣ። በየምሰሶው ላይ ታችኛው አግዳሚ ወፍራሙ ነው፤ ዋናው ምሰሶ ላይ የነበረው በእውነተኛው መርከብ ከ31 ሜትር ይበልጣል። እሱ ከቦታው ብዙ አይነቃነቅም። ከእሱ በላይ ያለው ግን ሸራው ሲዘረጋ በገመድ ተጎትቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ሸራው ሲጠቀለል ደግሞ ይወርዳል። ያን የሚያህል ግንድ ያለ ሥራ ሰማይ ላይ ሰቅሎ የሚያድር መርከበኛ የለም! የእኔ ሞዴል ሸራ የለውም፤ ጨርቅ 72 ጊዜ አይቀጥንምና፣ ብሰቅልበት ብርድ ልብስ የተሰጣበት ይመስላል፣ ገመዱንም ይሸፍንብኛል። ሸራ ከሌለ ደግሞ አግዳሚው ይወርዳል። አለቀ። የዛሬ ልጆች ግን ራቁቱን እስከ ጫፍ ያወጡታል። ለምን ስትሏቸው «ያምራል»። ያምራል! ይባስ ብለው የአግዳሚውን ሁለት ጫፎች ከላይ የሚይዙትን ገመዶች ወጥረው ያስራሉ። እነሱ የሚወጠሩት አግዳሚው ወርዶ ሲያርፍባቸው ነው፤ ሲወጣማ ይላላሉ። እኔ በትክክሉ ስለሠራሁ ነው እንግዲህ «ተሰብሯል እንዴ» የምባለው።

የኋለኛው ምሰሶ ታችኛው አግዳሚማ ለብቻው የሚታዘንለት ነው። የራሱ ሸራ የለውም። ሥራው ከላዩ ያለውን ሸራ ታችኛ ጫፎች ወጥሮ መያዝ ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ የገመድ ዕዳው ከሌላው አልቀነሰለትም፤ ዕዳውን የምከፍለው ደግሞ እኔ ነኝ።

«ገመዱ ለጌጥ ነው አይደል?» ያለኝም አለ። ጌጥ! ፈረንሳዮች በውጊያ ምሰሶና ገመድ ላይ ማነጣጠር ይወዱ የነበረው ጌጥ ጠልተው መሰለው? ገመዱ የተበጠሰበት መርከብ አይዞርም፣ አይሸሽም። ከትራፋልጋር የተረፈው የቪክትሪ የፊት ምሰሶ ሸራ ዛሬም ፖርትስማውዝ ተቀምጧል፤ 90 ያህል ቀዳዳ አለው። ኔልሰንን የገደለውም ጥይት የተተኮሰው ሬዱታብል ከተባለው የፈረንሳይ መርከብ ምሰሶ ላይ ነው።

ስለ ፈረንሳዮች ካነሳሁ አይቀር፣ በናፖሊዮን ዘመን ተማርከው ኖርማን ክሮስ እስር ቤት የተቀመጡት ከቀለባቸው የተረፈውን አጥንት እየፋቁ እንዲህ ያለ መርከብ ይሠሩ ነበር፣ ይሸጡትም ነበር። ሰው ያዝንላቸዋል። እኔ እቀናባቸዋለሁ። ስልክ አልነበራቸውም። ቡና ሊጠጣ የሚመጣ እንግዳ አልነበረባቸውም። «ይሄ ጠረጴዛ ለበዓል ይፈለጋል» የሚላቸውም አልነበረም።

አሁን የቀሩኝ አግዳሚውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞሩት ገመዶች ናቸው። የመጨረሻ የሚሆኑት ወደው አይደለም፤ ከአግዳሚው ጫፍ ተነስተው መርከቡን አቋርጠው ስለሚወርዱ፣ እነሱ ከታሰሩ በኋላ ጣት የሚገባበት በር የለም። ጫፋቸው የሚታሰረው ወለሉ ላይ፣ ከመድፎቹ አጠገብ ባለች ካስማ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ረጅሙ ወረንጦ ብቻ ነው። ወረንጦው ደግሞ የልጄ ነው። ዛሬ ጠዋት «አባዬ፣ ቅንድቤን ላስተካክልበት» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ሥራ ሄደች። እኔ ያን ጊዜ የግራውን ክር በጥርሴ፣ የቀኙን በጣቴ ወጥሬ ይዤ ስለነበር አፌን ከፍቼ ልከለክላት አልቻልኩም። ብለቀው አግዳሚው ይጣመማል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «ምሳ ቀርቧል፣ አይሰሙም እንዴ?» ትላለች። እሰማለሁ! በምን አፌ ልመልስላት?