የስምንት ሰዓት ነገር

ጋኑ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ማለት ነው፣ የሚዘጋው እናቶቻችን በሚቆጥሩት በ8 ሰዓት ነው፤ በእስራኤል ሰዓት 14:00። ትልቁ ስብሰባ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ በሽተኛ አይተው የሚጨርሱት ያን ጊዜ ነው ይሉናል። እውነት ነው፤ ግን ልጅም ከጋን የሚወጣው በዚያው ሰዓት መሆኑን የማያውቅ አለቃ የለም። በሐዴራ ነቬ ሐይም ሰፈር የምንኖር፣ በጤናው ዘርፍ ፕሮጀክት የምንመራ ወይም ለመምራት የምንታገል እናቶች ስንገናኝ የምናነሣው ይህንኑ ነው። አንዷ በጻሃሮን፣ በከሰዓት በኋላው የልጆች ማቆያ፣ ቦታ አላገኘችም፤ ሌላዋ አግኝታ የወሩ ክፍያ ከብዷታል፤ አንዷ ልጇን ለአያቱ ትታ ስብሰባውን መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ በስልክ ትሰማለች። ደክሞናል።

ሕግ የለም አይባልም። የሴቶች ሥራ ሕግ ከ1954 ጀምሮ አለ። መብቷ የተሟላላት ወላድ 15 ሳምንት እየተከፈላት ትቆያለች፤ በመሥሪያ ቤቱ ዓመት የሞላት ደግሞ እስከ 26 ሳምንት ቦታዋ ይጠበቅላታል። ሙሉ ጊዜ ለምትሠራ፣ ስትመለስ በቀን አንድ ሰዓት ለወላጅነት ይፈቀድላታል፤ እሱም ለ4 ወር ብቻ ነው። ልጅ ሲታመም በዓመት 8 ቀን መቅረት ትችላለች፤ የሚቆረጠው ግን ከራሷ የሕመም ፈቃድ ነው። ጋን በገባ በመጀመሪያው ዓመት ልጅ ስንት ጊዜ እንደሚያተኩሰው የወለደች ሁሉ ታውቃለች፤ 8ቱ ቀን ሐኑካ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕግ አይሸፍነውም፤ የሚሸፍነው እናታችን ናት፤ ወይም እህታችን፣ ወይም ጎረቤት። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ደግሞ የብዙዎቻችን ባሎች ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርተው፣ ትምህርት ቤት በሲረን ምክንያት እየተዘጋ፣ የፕሮጀክቱ የጊዜ ሰሌዳ ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ ሳይገፋ ነው የሠራነው።

ይህ እንግዲህ የእናት ሁሉ እሮሮ ነው፤ ቴል አቪቭም አዲስ አበባም ያለች እናት ትጋራናለች። የእኛ የቤተ እስራኤላውያን ግን ሌላም አለበት።

የቀጠሮን ነገር ልንገራችሁ። ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኅን ድርጅቱ፣ ለአንዲት አሮጊት በስልኳ መልእክት ይልክላታል፤ ቀጠሮሽ በ08:00 ነው ይላል። እሷ ዕብራይስጥ አታነብም፤ የልጅ ልጇ ያነብላታል፤ “አያቴ፣ በስምንት ሰዓት ነው” ይላታል። ስምንት ሰዓት ለእሷ ከምሳ በኋላ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ መድኃኒቶቿን በፌስታል ይዛ በ14:00 ትደርሳለች። ሐኪሙ የለም። ኮምፒውተሩ “አልመጣችም” ብሎ መዝግቧል። ከወራት በኋላ በስብሰባ ላይ አንድ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ይታያል፤ የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን ቀጠሮ አያከብሩም ይላል። ለግንዛቤ ማስጨበጫ በጀት ይያዛል፤ ከውጭ አማካሪ ይመጣል፤ ቆንጆ ወረቀት ይታተማል። የሚያስፈልገው ግን መልእክቱ ላይ “ጠዋት” የምትል አንዲት ቃል መጨመር፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብሎም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ስልክ መደወል ነበር። ይህን የምታውቀው መገሸሪቷ፣ ሕዝባችንን ከሐኪም ቤቱ ጋር የምታገናኘው ሠራተኛ፣ ናት። በስብሰባው አልተጠራችም፤ ብትጠራም ሰዓቱ ልጅ የምታወጣበት ነው።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ከጎንደር ገጠር የመጡ ወላጆቻችን ብዙዎቹ ልደታቸው የተጻፈው በግምት ነው፤ መታወቂያቸው ላይ ቀንና ወሩ ዜሮ ዜሮ የሆነባቸውም አሉ። አዲስ የስልክ አገልግሎት ሲከፈት ቀንና ወር ሙሉ ይላል፤ ዜሮውን አይቀበልም። ሐኪም ቤቱ ደግሞ ወረፋ በስልክ ያዙ ብሎ መስኮቱን አጥብቧል። ሰውየው በስኳር በሽታ እግሩ ቆስሎ በገዛ ልደቱ ምክንያት በር ላይ ይቀራል። ፕሮጀክት ሲነደፍ በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው ይኼ። ስለማይጠየቅ ግን ማታ ራት ስናቀርብ የእኛ ስልክ ይጮኻል፤ “ልጄ፣ ይኼ ነገር እምቢ አለኝ፤ ምን ልበለው?” እምቢ አይባልም፤ አንድ ደረጃ የምንወጣ የምንወርድ ጎረቤታሞች ነን።

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ ሐዴራ ላይ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ጤነ ብሪዑት የተባለው የማኅበረሰባችን የጤና ማኅበር በ1998 የተነሣው ከዚሁ ከከተማችን ነው፤ መሥራቹ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳር በሽታ ሐኪም የነበሩት ዶክተር አናት ያፌ ናቸው። ሰዎቻችን ሲመጡ እምብዛም ያልነበረባቸው የስኳር በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፍቶ ነበር፤ መድኃኒቱ ቢሰጥም አወሳሰዱን በቋንቋቸው የሚነግራቸው አልነበረም። ጊዜውም ክፉ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 1996 ከእኛ ሰዎች የተለገሰው ደም በስውር ሲጣል እንደኖረ ጋዜጣ አጋልጦ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ኢየሩሳሌም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ነበር። እንዲህ የተጎዳ ሕዝብ ከጤና ተቋም ጋር እንደገና እንዲነጋገር ያደረጉት ቋንቋውን የሚያውቁ፣ ቤት ድረስ ሄደው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ሁሉ አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ አዟል፤ በ2013 ሥራ ላይ ውሏል። በዚያው በ2013 መጀመሪያ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የእርግዝና መከላከያ መርፌ ጉዳይ ተነሥቶ፣ ሚኒስቴሩ ምን እንደሆነ ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ አራቱን ኩፓት ሆሊሞች አዘዘ። ማስረዳት ሲጎድል ምን እንደሚመጣ አገሩ ያውቃል ማለት ነው።

ያወቀውን ግን በቋሚ ሥራ መደብ አላሰፈረውም። የእኛ ሥራ ሁልጊዜ የሙከራ ፕሮጀክት ነው። በአሙታ፣ ለትርፍ ባልቆመ ማኅበር፣ በኩል በግማሽ ወይም በሩብ የሥራ ድርሻ እንቀጠራለን፤ ቴኬን፣ ቋሚ መደብ፣ የለም፤ ገንዘቡ ለሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ለሦስት ነው። አስተዳዳሪ ሆኖ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ከእኛ ይማራል፤ ቤት ለቤት ይዘነው እንዞራለን፤ ከቄሶቹ ጋር እናስተዋውቀዋለን። ሥራውን ሲለምድ ከፍ ወዳለ ቦታ ይሄዳል፤ በሥራ ታሪኩም ላይ “ፕሮጀክት መርቷል” ተብሎ ይጻፍለታል። ከእኛ ግን የሰው እምነት ነው የወጣው። አንዲት እማማ ክትባት የወሰደችው እኔ ስለነገርኳት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ “ያቺ ነርስ ለምን መምጣት አቆመች?” ብላ የምትይዘውም እኔን ነው።

በ2020 መጨረሻ የኮሮና ክትባት ሲጀመር ያለ ቢሮ፣ ያለ ረዳት፣ ልጆቹ ጎናችን በዙም እየተማሩ፣ ከወጥ ቤት ሆነን ለአረጋውያን ስንደውል ሰነበትን። ማን እንደፈራ፣ ማን መጓጓዣ እንደሌለው፣ ማን ከልጁ ጋር ተኳርፎ ብቻውን እንደሚኖር በየደብተራችን ጻፍን፤ ተራ አስያዝን፤ መኪና አፈላለግን። ዕቅድ፣ የሰው ድልድል፣ የአደጋ ግምት፣ ክትትል ሁሉ ነበረው። ሲያልቅ የምስጋና ወረቀት ተሰጠን። የሥራ ማዕረጋችን እንደ ነበረ ቀረ።

የማዕረጉ ነገር ለክብር ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ዛሬ በጤናው ዘርፍ ፕሮጀክት ማኔጀር ለመሆን የምትወዳደር ሁሉ ፒኤምፒ የሚባለውን የምስክር ወረቀት ብትይዝ ይሻላታል። ለፈተናው ለመቀመጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ሰው 36 ወር ፕሮጀክት መምራቷን ማሳየት፣ 35 ሰዓት ሥልጠና መውሰድም አለባት። ሥልጠናውን ልጆች ከተኙ በኋላ እናደርሰዋለን። 36ቱ ወር ነው የሚያስቸግረው። የመራነው ሁሉ በቅጥር ውላችን ላይ “እገዛ” ተብሎ ተጽፏል፤ አለቃ የነበረው ሰው ደግሞ ሄዷል፤ ሥራው የእነሱ ነበር ብሎ የሚመሰክርልን የለም። በ2011 የማኅበረሰባችን ልጆች በመንግሥት ሥራ ተገቢ ውክልና እንዲኖራቸው ሕግ ወጥቷል። ሕጉ መልካም ነው፤ እኔ ግን ዕቅድ በሚወጣበት ጠረጴዛ ዙሪያ ስቀመጥ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ከማኅበረሰባችን ብቻዬን ነኝ። ስግድ ሲደርስ ስለ በዓሉ ንግግር አድርጊ የሚለኝ አይጠፋም፤ በደስታ አደርጋለሁ። የዓመቱ በጀት ሲደለደል ግን የሚጠራኝ የለም።

ሰሞኑን አዲስ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል። ለማኅበረሰባችን አረጋውያን የጤና አገልግሎቱን በስልክ ቀላል ለማድረግ የታሰበ ፕሮጀክት ነው፤ አስተዳዳሪ ይፈለጋል። ሙሉ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላም ዝግጁ የሆነ፤ ዕብራይስጥ እጅግ ጥሩ፣ እንግሊዝኛ ጥሩ፤ አማርኛ ቢችል ይመረጣል። ገንዘቡ ለሁለት ዓመት ነው። አመልክቻለሁ። ለቃለ መጠይቅ የጠሩኝ በፋሲካ ዕረፍት፣ ልጆቹ ሁሉ ቤት በሚሆኑበት ሳምንት፣ በእናቶቻችን አቆጣጠር በ10 ሰዓት፣ ማለትም በ16:00 ነው። ወደ ጠዋት ቀይሩልኝ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ የአረጋውያኑን ስልክ የሚያነሣ ሰው በየትኛው የበጀት መስመር እንደተያዘም በዚያው ደብዳቤ ጠይቄአለሁ።