የቆጣሪን ንባብ ከብር ወደ ምጣድ ለመለወጥ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ተሰማማ! የማይሰማ የቆጣሪ ጠላት ነው። በሆሳዕናና በሾኔ፣ በዱራሜና በአንጋጫ፣ በሺንሺቾና በዶዮገና የምትኖሩ፣ ቆጣሪ ያላችሁም ከጎረቤት መስመር የሳባችሁም ሁሉ! በከተሞቻችን ቤቱ ፎቅ፣ በፎቁ መታጠቢያ ቤት፣ በመታጠቢያ ቤቱም ቦይለር መግባቱ እየተለመደ በመምጣቱ፤ ከቦይለር ቀጥሎ ጃኩዚ የሚባለው የሙቅ ውሃ ገንዳ ተራውን እየጠበቀ መሆኑ የማያጠራጥር በመሆኑ፤ «ይህ ነገር በወር ስንት ይበላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ በብር የሚነገር፣ ብሩም ነገሩን አሳንሶ የሚያሳይ ሆኖ በመገኘቱ፤ ማንም ያልሾመን፣ ሥልጣናችን ከየወሩ የመብራት ደረሰኝ የሚመነጭ እኛ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ አንድ፣ ትርጓሜ። በዚህ አዋጅ «አንድ ምጣድ» ማለት 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሁለት ሰዓት በርቶ፣ የአንድ ቤተሰብን የግማሽ ሳምንት እንጀራ አውጥቶ እስኪጠፋ የሚበላው ኃይል፣ ይኸውም 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኪሎዋት ሰዓት አይሸተትም፣ አይቀመስም፤ ከደረሰኝ ላይ በቀር አድራሻ የለውም። ምጣድን ግን የማያውቅ የለም። መብራት ሲጠፋባት ውላ፣ ሊጡ እንዳይኮመጥጥባት ፈርታ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ የምትጋግር እናት የምትቆጥረው ኪሎዋት ሳይሆን እንጀራ ነው። መለኪያውን የወሰድነው ከእርሷ ነው።

ገንዳውን በዚህ መለኪያ እንስፈረው። አራት ሰው የሚይዝ ገንዳ 1,200 ሊትር ገደማ ውሃ ይወስዳል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 860 ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ያሞቃል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ በአዋጅ ልናሻሽለው አልቻልንም። ሆሳዕና ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋማ ከተማ ናትና ከቧንቧዋ የሚወርደው ውሃ 17 ዲግሪ ነው እንበል። ወደ 38 ለማድረስ 29 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከአራት ምጣድ ትንሽ ከፍ የሚል ኃይል ይጠይቃል፤ የሁለት ሳምንት እንጀራ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ሒሳቡን ያቆማል። የሚያስደነግጠው ግን ገና አልመጣም፤ ይህ ወጪ ውሃው በተቀየረ ቁጥር ብቻ የሚከፈል ነው። ቆጣሪውን የሚያሯሩጠው ሙቀቱን ማቆየት ነው። ጀበና ቡናው ተቀድቶ ሲያልቅ ከእሳት ይወርዳል፤ ገንዳ ግን ባለቤቱ ቢገባበትም ባይገባበትም ቀንም ሌሊትም ትኩስ ሆኖ ይጠብቀዋል። አሥር ሊትር ውሃ ተንኖ በሄደ ቁጥር ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ አንድ ሙሉ ምጣድ፣ አብሮ ወደ ሰማይ ይወጣል። ክዳኑ ወፍራም፣ ግድግዳውም ሙቀት የማያስወጣ ገንዳ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊበቃው ይችላል፤ ክዳኑ የሳሳው፣ በረንዳ ላይ ለብርድ የተሰጠው ግን እስከ 10 ሊበላ ይችላል። በወር ከ150 እስከ 300 ኪሎዋት ሰዓት፣ በአዋጁ ቋንቋ ከ21 እስከ 43 ምጣድ መሆኑ ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት በወር ዘጠኝ ምጣድ እንኳ አይሞላም። ገንዳው በተኛበት እስከ አምስት ቤት ድረስ የሚበቃ ምጣድ ሲያግል ይከርማል፤ አንድም እንጀራ አያወጣም።

ይኸው ነገር በብር ሲነገር እንዴት እንደሚያንስ እነሆ። በታኅሣሥ 2011 ተጀምሮ በ2014 በተጠናቀቀው የታሪፍ ማሻሻያ ለመኖሪያ ቤት ከፍተኛው እርከን፣ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ሰው የሚከፍለው፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። 300 ኪሎዋት ሰዓት በዚያ ሲባዛ 744 ብር ይሆናል። ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ቢመጣም፣ ያው ገንዳ አሜሪካ ውስጥ በወር ከሚያስከፍለው 50 ዶላር ገደማ ጋር ሲተያይ ዛሬም ርካሽ ነው። ፎቅ የሠራ ሰው በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አያጣም። ርካሹ ዋጋ ግን ለገንዳ ተብሎ የተተመነ አልነበረም። በዚያው ታሪፍ የመጀመሪያው እርከን፣ ወር ሙሉ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት፣ 13 ብር ከ65 ሳንቲም ነበር፤ አምፖልና ሬዲዮ ላለው ቤት የታሰበ ነው። ገንዳው የገባው በዚህ የድሃ ጥላ ሥር ነው፤ 744 ብርም የጥላው ኪራይ እንጂ የገንዳው ዋጋ አይደለም።

«ገንዘቡ የራሴ ነው፤ ልጄ ደቡብ አፍሪካ ላቡን አንጠፍጥፎ የላከልኝ ነው፤ ለምን ትቆጥሩብኛላችሁ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አዋጁ ያውቃል፤ ያከብረዋልም። ከሀዲያና ከከምባታ ወጥቶ በጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ዕድሜውን የሚገፋ ሰው ወላጆቹ ሙቅ ውሃ እንዲያገኙ ቢመኝ የሚነቀፍበት ነገር የለም። ችግሩን ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው ግን ራሱ ላኪው ነው። በፈረንጆቹ 2023 ደቡብ አፍሪካ በፈረቃ መብራት ስትታመስ፣ ኤስኮም የተባለው የመንግሥት የመብራት ድርጅት ሕዝቡን ከአመሻሹ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ጊዘር አጥፉ እያለ ይማጸን ነበር። ጊዘር እዚያ ቦይለርን የሚጠሩበት ስም ነው። ያን ያህል የኃይል ማመንጫ ያላት አገር በምሽት ውሃ ማሞቅ አቃታት ማለት ነው። ብር ኪሎዋት ሰዓትን ይገዛል፤ ሰዓቱን ግን አይገዛም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ግድብ ይዞ ይመጣል። «ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ሜጋዋት! ኃይሉ ሞልቶ ተርፎ ስለ አንድ ገንዳ አዋጅ?» ሙግቱ ልብ ያሞቃል፤ ውሃ ግን አያሞቅም። የግድቡ ኃይል ወደ መታጠቢያ ቤት የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ስንት ሜጋዋት እንደተመረቀ አልተነገረውም። የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በበራበት ምሽት የገንዳው 3 ኪሎዋት ሲጨመርበት ፍርዱ ወዲያው ይሰማል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና ከመስመሩ ውጭ መሆኑ ሲታከልበት «ተርፎ» የሚለው ቃል ትርጓሜ ያስፈልገዋል።

ፍል ውሃን የሚጠቅሱም አሉ። እቴጌ ጣይቱ በፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ከተማ ማስቆርቆራቸው እውነት ነው፤ ሙቅ ውሃ መውደድ ከባሕር ማዶ የመጣ ቅብጠት አይደለም። የሃምበሪቾ ተራራን 777 ደረጃ ወጥቶ የወረደ ሰውም ጉልበቱን በሙቅ ውሃ ሊዘፈዝፍ ቢያምረው ማንም አይፈርድበትም። ይሁንና እቴጌይቱ ፍል ውሃውን ወደ ቤታቸው አላስመጡም፤ ቤታቸውን ወደ ፍል ውሃው ወሰዱ። የማሞቂያውን ሒሳብ ምድር ራሷ ትከፍል ነበር፤ በወንዶ ገነት ዛሬም እርሷው ትከፍላለች።

«የኛ ምግብ ቆጮ ነው፤ ቆጮ በእንጨት ይጋገራል፤ ምጣዳችሁ አይመለከተንም» ለሚሉ፣ ተቃውሟቸው ትክክል ነው። መመሪያ ይወጣል።

እስከዚያው ድረስ ገንዳን አልከለከልንም። ክዳን ግን ግዴታ ነው። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ያወጣ ሰው በበጋ ከምጣድ ቆጠራ ነፃ ነው፤ በክረምት ደመናው ሲከብድ ወደ ቆጠራው ይመለሳል። ከአመሻሹ 11 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ገንዳም ሆነ ቦይለር ይጠፋል። ክዳኑን ሳይከድን ያደረ ሰው በሀዲያ በያሆዴ በዓል፣ በከምባታም በመሳላ፣ ለአምስት ጎረቤት አታካና የተባለውን በቅቤ የሚሠራ ምግብ ያበላል፤ ቅቤውን አሳንሶ የተገኘ እንደሆነ ቅጣቱ እጥፍ ነው። ቦይለርን ከሰኞ እስከ ሰኞ አብርቶ መርሳትን ጨምሮ ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም የአሠራር ልምድ ተፈጻሚነት አይኖረውም። አዋጁ መብራት ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ መብራት ከሄደ እስኪመለስ ታግዶ ይቆያል።

ሆሳዕና፣ በሻማ ተጻፈ።