ከዜሮ በታች ሁለት በቅሎ

ፎርም መሥራት ቀላል ነው። ኤችቲኤምኤል የጀመረ ልጅ ሳምንት ሳይሞላው ይሠራዋል፦ «ፎርም» ብሎ ይከፍታል፣ «ሌብል» ብሎ ይጠይቃል፣ «ኢንፑት» ብሎ ባዶ ሣጥን ያስቀምጣል፣ ከታች «ላክ» የሚል ቁልፍ ያደርግና ይዘጋል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የኤችቲኤምኤል ደረጃ ከ«ሌብል» በስተቀር ይህን ሁሉ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምሮበታል፤ አጎቴ ግን እስካሁን አልታሰቡበትም።

አጎቴ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት ናቸው። እንግዳው ደባርቅ ላይ ከፍሎ ሲጨርስ ጠመንጃቸውን አንግተው ሳንቃ በር፣ ጉልበት ካለውም ግጭና ጨነቅ ድረስ ይዘውት ይወጣሉ። አስጎብኚ ጓደኛዬ «ለእንግዶቹ አንድ መመዝገቢያ፣ ለስካውት፣ ለወጥ ሠሪና ለባለበቅሎ ደግሞ ሌላ ሥራልኝ» ሲለኝ፣ ሁለተኛውን መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና መስተዋቱ የተሰነጠቀውን ስልኬን ተቀበሉኝ።

ከኢንተርኔት የሚወርደው ናሙና ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ አንደኛው ሣጥን «ስም»፣ ሁለተኛው «የቤተሰብ ስም»።

«የቤተሰብ ስም ምንድን ነው?»

«አንቱም ልጆችዎም አንድ ላይ የምትጠሩበት ነው፣ አያ።»

«እኔ በአባቴ እጠራለሁ፣ ልጄ በእኔ ይጠራል። አንድ ላይ የምንጠራው ለሠርግ ብቻ ነው።»

ለዚህ መልስ የለኝም፤ ኤችቲኤምኤልም የለውም። በዚህ የሚቸገረው ደግሞ የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። ጃፓን ይኖር የነበረው ፕሮግራመር ፓትሪክ ማኬንዚ፣ ስሙ ሲገባ ብዙ ሲስተም የተበላሸበት ሰው፣ ፕሮግራመሮች ስለ ሰው ስም በስህተት የሚያምኗቸውን 40 ነገሮች በ2010 እ.ኤ.አ. ዘርዝሮ አውጥቷል። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ሁለት ሣጥን ለመሥራት እጁ ይታሰራል። እኔ አንድ ረዘም ያለ ሣጥን አድርጌ «ሙሉ ስም እስከ አያት» አልኩበት፤ ያለቀ ጉዳይ ነው። ናሙናው ውስጥ ተሸጉጦ የነበረውን፣ ከኤ እስከ ዜድ ካልሆነ ፊደል አልቀበልም የሚለውን ቁጥጥርም አወጣሁት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ ሰው ደባርቅ ተቀምጦ ስሙን በገዛ ፊደሉ ሲጽፍ «የተሳሳተ ስም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሊወጣበት አይገባም።

ቀጥሎ የልደት ቀን።

«ደርግ ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» አሉ።

ይህ ለእኔ በቂ መልስ ነው። ጥጃ ጠባቂ ስድስት ሰባት ዓመቱ ነው፤ አስር ካለፈማ ከብት ይዞ ሜዳ ይወጣል። ደርግ የገባው በ1967፣ ስለዚህ አጎቴ የ1960 ወይም የ61 ልጅ ናቸው። እዚህ ታች ዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣና የሄደውን ሲመዘግቡ ኖረዋል። እንደ እነሱ በአገራችን ዕድሜ የጠየቀ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቀኑን የማያስታውስ ሰው «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?» ተብሎ ይጠየቃል። የኤችቲኤምኤል የቀን ሣጥን ግን እንዲህ ዓይነት ወሬ አይወድም። ካላንደር ይዘረጋል፤ ካላንደሩም የፈረንጅ፣ ወሩም 12። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ለኤችቲኤምኤል አልተወለደም። እርግጥ ብሮውዘሩ በጃቫስክሪፕት ከጠየቁት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መጻፍ ያውቅበታል፤ ሣጥኑ ነው በእኛ አልቀበልም ያለው። ውጭ አገር ያሉ ስንት ዘመዶቻችን ጃንዋሪ 1 ቀን አንድ ላይ ልደት የሚያከብሩት ለምን ይመስላችኋል? እኔስ ሣጥኑን ተውኩትና 13 ወር የተደረደረበት መምረጫ፣ ከጎኑ የዓመተ ምሕረት ቦታ አደረግሁ። ቀንና ወሩ በውዴታ ነው።

አጎቴ ይሄኔ ጥያቄው በዝቶባቸዋል። ለማባበል ያህል «አያ፣ ተራራውም እኮ ፎርም ተሞልቶለታል» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ያለ ማመልከቻ አይሆንም።

«ታዲያ ተራራውን ኢሜይል ጠየቁት?»

የሚቀጥለውን ሣጥን አይተውት ኖሯል። አጠገቡ ቀይ ኮከብ አለበት።

«ኮከቡስ?»

«ግዴታ ነው ማለት ነው።»

«ባልሞላውስ?»

«አይልክልዎትም።»

«የቀበሌው ጸሐፊ እንኳ ነገ ተመለስ ይለኛል!»

«ሪኳየርድ» የምትለዋን ቃል የፈጠረ ሰው ቢሮክራሲን ከእኛ ነው የተማረው እላለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ሣጥኑ ላይ ጣል ካደረጓት የሚያልፍ የለም። ደግሞ የምታስከብረው ነገር ሲታይ ያስቃል። የኢሜይሉ ሣጥን የሚመረምረው የአድራሻውን መልክ ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤ አት ቢ» ብለህ ብትሞላ እለፍ ይልሃል። ኢሜይል የሌላቸው ሐቀኛ ሽማግሌ ተመለሱ ይባላሉ፣ የዋሸው ያልፋል። ኮከቡን ከኢሜይሉ ነቅዬ ስልክ ቁጥር ላይ አደረግሁት።

የእንግዶቹ ፎርም ቀላል ነበር፤ የቁጥሩ ሣጥን ብቻ መጠበቅ አለበት። «ስንት በቅሎ ይፈልጋሉ?» የሚለው ሣጥን «ሚን» ዜሮ ካልተባለ፣ አንዱ እንግዳ ጣቱ አንሸራቶት ከዜሮ በታች ሁለት በቅሎ ያዝዛል፤ ኤችቲኤምኤልም ምንም ሳይመስለው ይቀበላል። ይህን ለባለበቅሎዎቹ ባጫውታቸው አንደኛው አልሳቀም። «ሁለት በቅሎ ይዞ ሊመጣልን ነው?» አለ። የመነሻ ሰዓቱንም «በፈረንጅ ሰዓት» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እንግዳው ጎህ ሲቀድ ቆሞ ይጠብቃል፣ በቅሎው በስድስት ሰዓት ከምሳ ጋር ይደርሳል። ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ሁሉን የሚያጠፋውን «ሪሴት» የሚባል ቁልፍ ማን እንደሚፈልገው አላውቅም፤ እኔ ጋ ቦታ የለውም።

አጎቴ «ላክ»ን ከመንካታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ የጥያቄዎች ሁሉ አለቃ።

«ለማን ነው የሚደርሰው?»

ማመልከቻ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው አናቱ ላይ ያለውን «ለ» ነው። ኤችቲኤምኤል ላይ ያቺ «ለ» «አክሽን» ትባላለች። ካልጻፏት ፎርሙ ዞሮ ለራሱ ገጽ ያመለክታል። «ሜተድ» የሚባለውም «ጌት» ከሆነ የሞሉት ሁሉ አድራሻው ላይ ተዘርግፎ ለመንገደኛ ይነበባል፤ የሰው ስልክ ቁጥር ሲሆን «ፖስት» ነው የሚሻለው። ለጓደኛዬ ቢሮ እንደሚደርስ ነገርኳቸው። አመኑኝና ነኩት። «ተመዝግበዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ማኅተሙስ?»

ኤችቲኤምኤል ማኅተም የለውም። አሁን ግን «ተመዝግበዋል» ከሚለው ጎን ወይን ጠጅ ክብ ሥዕል አድርጌያለሁ፤ ዙሪያውን ጽሑፍ፣ መሐሉ ላይ ዋልያ። ምንም ሥራ የለውም። ስካውቶቹና ባለበቅሎዎቹ ስክሪንሾት እያነሱ ያስቀምጡታል። ለአጎቴ አሳየኋቸው፤ ስልኩን አቅርበው፣ አርቀው፣ ደግመው አቅርበው አዩት።

«ፊርማውስ የታል?» አሉ።