የቢራቢሮ ደጅ ጥናት በእንግሊዝ ደንና ቁጥቋጦ

ቢራቢሮ ፍለጋ በደቡብ እንግሊዝ በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ የሚፈጸም የአንድ ቀን ሥርዓት ሲሆን፣ ስሙ ፍለጋ ይባል እንጂ አብዛኛው ክፍሉ ቆሞ መጠበቅ በመሆኑ ከአደን ይልቅ ባለጉዳይ በመኳንንት በር ይፈጽመው ከነበረው ደጅ ጥናት ጋር ይመደባል። ፈጻሚው፣ ከዚህ በኋላ «ደጅ ጠኚው» የሚባለው፣ በአንገቱ ባንጠለጠለው ባይኖኩላርና በቦርሳው በያዘው የዝናብ ልብስ ይታወቃል። በ1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ብሔራዊ የቢራቢሮ ቆጠራ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን እንዳይካሄድ ደንቡ ስለሚከለክል፣ ደጅ ጠኚው ሕግ አክብሮ ቤቱ የሚውልበት ቀን ጥቂት አይደለም።

የጠዋቱ ክፍል በደን ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ ደጃቸው የሚጠናውም «ሐምራዊው ንጉሠ ነገሥት» የተባሉት ቢራቢሮ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በኦክ ዛፍ ጫፍ ስለሚቀመጡና እንደ ተራው ቢራቢሮ አበባ መቅሰም ስለማይወዱ፣ ደጅ ጠኚው አንገቱን አንጋጦ ይቆያል። ይሁን እንጂ ጨውና ማዕድን ስለሚያስፈልጋቸው፣ ረፈድ ሲል ወደ መሬት ወርደው በፈረስ ፋንድያ ወይም በበከተ ሥጋ ላይ ይሰየማሉ። ይህን የተረዱ ደጅ ጠኚዎች እጅ መንሻ፣ ማለትም የበሰበሰ ዓሣ ወይም ሽታው የከረፋ የሽሪምፕ ድልህ፣ በመንገዱ ላይ አስቀድመው ያኖራሉ። የክንፋቸው ሐምራዊነት የብርሃን ነጸብራቅ እንጂ ቀለም ስላልሆነ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ካልታዩ ቡናማ መስለው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚፈልግ ሰው በፋንድያው ዙሪያ በሆዱ እየተሳበ መዞር አለበት። እቴጌይቱ ግን ሐምራዊ ስለሌላቸውና በአኻያ ቅጠል ላይ እንቁላል በመጣል ስለሚጠመዱ፣ እጅ መንሻ እምብዛም አይቀበሉም።

የከሰዓቱ ክፍል የሚፈጸመው በቁጥቋጦ ሜዳ፣ ማለትም በአሸዋማና አሲዳማ አፈር ላይ የአስታ ዘመድ የሆኑ አጫጭር ተክሎች በሚበቅሉበት ገላጣ ሥፍራ ነው። በዚህ የሚኖረው «ባለ ብር ነጠብጣቡ ሰማያዊ» ትንሽና ዝቅ ብሎ የሚበር በመሆኑ፣ ጠዋት ወደ ላይ የተቀጣው አንገት ከሰዓት ወደ ታች ይቀጣል፤ የአካል ሚዛንም በዚህ ይጠበቃል። የዚህ ቢራቢሮ ትል በጥቁር ጉንዳኖች የሚታጀብ ሲሆን፣ ከሰውነቱ በሚወጣ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚከፍላቸው በሜዳው ላይ ደመወዙ የማይዘገይበት ዘበኛ ጉንዳኑ ብቻ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

የሥርዓቱ አደጋ በታሪክ ተመዝግቧል። ቢራቢሮ በመሰብሰብ የታወቁት ወይዘሮ ኤሊነር ግላንቪል በ1709 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ፣ ኑዛዜያቸው እንዲፈርስ የፈለጉ ዘመዶች አእምሯቸው ጤነኛ እንዳልነበረ ተከራክረዋል፤ ለዚህም ቢራቢሮ ማሳደዳቸው በማስረጃነት እንደ ቀረበ ይነገራል።

ለማጠቃለል፣ የቀድሞው ደጅ ጠኚ ሹመት ወይም ርስት ይጠብቅ ነበር፤ የቢራቢሮው ደጅ ጠኚ ግን ቢበዛ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል። በመሆኑም የቢራቢሮ ደጅ ጥናት ከሰው ደጅ ጥናት ይልቅ ወጪው አነስተኛ፣ ቀጠሮው አጭርና ይግባኝ የሌለው ሆኖ ተገኝቷል።