ነፃ ሲኒማ በሽሮ ሜዳ

ሽሮ ሜዳ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ሲኒማ ቤት ከፍቻለሁ። ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ሊኑክስ፣ በላዩ ላይ ኮዲ የሚባል ፊልም ማጫወቻ፤ ሶፍትዌሩ ሁሉ በነፃ! ኮዲ መጀመሪያ ለኤክስቦክስ መጫወቻ የተሠራ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ስሙን ቀይሮ ከመጫወቻው መጠሪያ ተገላገለ። እኔ ግን ገና ጨዋታ ላይ ነኝ።

ቅዳሜ ማታ ቡናው ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ፊልሙን ከፈትኩ። ምስሉ ኩልል ያለ ነው። ድምፅ የለም።

«ሱባኤ ይዞ ነው?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ።

ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። እናቴም «የቢሮ ሥራ መጥቶበት ነው» ብላ እንግዶቹን ይቅርታ ጠየቀችልኝ። ለካ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ መሄድ ሲገባው፣ ማንም ባልሰካበት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለብቻው ያወራል። መውጫውን ቀየርኩ። አሁንም ጭጭ። አልሳሚክሰር የሚባለውን ስከፍት፣ ከአንዷ ዓምድ ሥር ሁለት የላቲን «ኤም» ተደርድረዋል፤ አፉን ተለጉሟል ማለት ነው። ያቺኑ ፊደል አንዴ ብጫናት ሳሎኑ ተናጋ፣ የእትዬ በረካ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ።

ቀጥሎ የአማርኛው የትርጉም ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ መጣ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ግን ፎንቱ አልገባም። ልጭን ስል መብራት ጠፋ።

እናቴ ሻማ ለኮሰች። እትዬም ፊልሙን ከቆመበት ተቀብለው፣ ባልና ሚስቱን አፋተው፣ አስታርቀው፣ አንድ ልጅ አስወልደው ጨረሱልን። ድምፃቸው አልተቆራረጠም።