ላሚቱ በሰማይ፣ ቅድመ ክፍያው በምድር

አዲስ አበባ የቤት ችግር አለባት የሚል ሰው ቴሌቪዥን የለውም ማለት ነው። እኛ ያለን ግን በየምሽቱ፣ ከዜናው በፊትም ከዜናው በኋላም ቤት ሲታደል እናያለን። ያውም ምን የመሰለ ቤት! ሰማዩ ላይ አንዲት የመብራት ሽቦ አትታይም፤ ግቢው ሣር በሣር ነው፤ ዋና ገንዳው ዳር አንዲት ፈረንጅ ጋደም ብላ ፀሐይ ትሞቃለች። ሰፈሩ ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ፣ ያውም በሌሊት መሆኑን ማስታወቂያው አልደበቀም። ማን ጠየቀውና!

ይህን ጥበብ ውሸት የሚሉ ምቀኞች አሉ። ውሸቱ የቱ ጋ ነው? «ከመስቀል አደባባይ በ5 ደቂቃ ርቀት» ተባለ እንጂ በምን ተሳፍሮ፣ በስንት ሰዓት መች ተባለ? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ቀይ መብራት የማይገደው ሾፌር ከተገኘ ይደረስ ይሆናል። «የቀሩን ጥቂት ቤቶች ብቻ ናቸው» መባሉም እውነት ነው፤ ጉድጓዱ እንኳ ገና ስላልተቆፈረ ከጥቂትም ያነሱ ናቸው። «በ18 ወር እናስረክባለን» ሲባልም ቆጠራው መቼ እንደሚጀምር የነገረን የለም።

አርቲስታችንም ምስጋና ይገባዋል። በድራማው ከሃዲ ባል ሆኖ ሲያስለቅሰን ከርሞ፣ በእረፍቱ ቁልፍ እያንቀጫቀጨ «እኔ መርጫለሁ፤ እናንተስ?» ይለናል። ቁልፉ የየትኛው በር ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ባሕር ማዶ ላለው ወገንማ ፍቅሩ ይብሳል፦ «በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍሉ ልዩ ቅናሽ!» ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች እኅታችን ቅድመ ክፍያዋን ትልካለች፤ የመሠረት ድንጋይ ፎቶ ይላክላታል። ምን ጎደለባት?

ሕግ የለም እንዳትሉ ደግሞ። በ2004 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ያልሰማ እንዳይኖር ብሎ መሰለኝ፣ ዳግመኛ ይከለክላል። ሕግ ሲፈልግ እንደሚናከስም አይተናል፤ በ2011 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲታገድ ያ ሁሉ የቢራ ጭፈራ እልም አለ። ቢራ ቢያሰክር ለአንድ ሌሊት ነው። ዓመታት የሚያሰክረው ግን አሁንም ከዜናው በፊትና በኋላ በሰላም ይቀዳል።

ቅር ያለው ገዥ ውሉን ያገላብጥ። ከግርጌ፣ ጉንዳን በምታነብበው ፊደል፣ «ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከፍ ብሎም «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የምትል ሐረግ አለች፤ ሲሚንቶው፣ ዶላሩ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ተጠቃለው ገብተዋል።

እንግዲህ ፍትሕ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን። ሻጭ ቤቱን በሥዕል ካሳየ፣ ገዥም ክፍያውን በሥዕል ያቅርብ። ጥርት ያለ፣ ባለ ቀለም፣ የ5 ሚሊዮን ብር ክምር ፎቶ አሠርተን ሽያጭ ክፍሉ ድረስ ይዘን እንሂድ። ከግርጌው ላይም በደቃቅ ፊደል እንጻፍበት፦ «ምስሉ ለማሳያ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ገንዘብ ከዚህ ሊለይ ይችላል።»